የክርስትናን ታሪክ ከምንጩ ለማጥናት፦ ለጀማሪ የተዘጋጀ መመሪያ

በአገራችን ስለ ክርስትና ታሪክ የሚያነብ ሰው ብዙ ነው፤ ይሁንና አብዛኛው አንባቢ የሌላውን ቤተ እምነት ታሪክ የሚያውቀው ያንን ቤተ እምነት ለመንቀፍ ከተጻፈ መጽሐፍ ነው። ኦርቶዶክሳዊው ስለ ሉተር የሚያውቀው ከመልስ መጻሕፍት ነው፤ ፕሮቴስታንቱ ስለ ጉባኤያት የሚያውቀው በስብከት መካከል ከሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ ስለ ሮም ካቶሊክ ደግሞ ሁለቱም ቶሎ የሚያስታውሱት የአፄ ሱስንዮስን ዘመን ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው መምህር ለሌለው ወይም ከመምህሩ ትምህርት ጎን ለጎን በግሉ ለማንበብ ላሰበ ሰው ነው። ዋናው ምክሬ፣ እያንዳንዱን ወገን ራሱ በጻፈው ቃል ያንብቡ፤ ያነበቡትንም ሁልጊዜ ከዘመኑና ከቦታው ጋር አያይዘው ይመዝግቡ የሚል ነው። ሁለት ሺህ ዓመት የሞላው ታሪክ በአንድ ጊዜ አይያዝምና፣ ከዚህ በታች የት ቆም ብሎ ማንበብ እንደሚገባና የት ፈጠን ብሎ ማለፍ እንደሚቻል በየተራው አሳያለሁ።

አስቀድሞ የዘመን አቆጣጠሩን ማጥራት

አንድ ጠንካራ ደብተር ይያዙና ገጹን በአራት ዓምድ ይክፈሉት፤ በመጀመሪያው ዘመኑን፣ በሁለተኛው ቦታውን፣ በሦስተኛው ሰዎቹን፣ በአራተኛው ደግሞ ወሬውን ያገኙበትን ምንጭ ይጻፉ። ብዙ ሰው አራተኛውን ዓምድ ይዘለዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን «ይህን የት ነበር ያነበብሁት?» ብሎ የሚቸገረውም ይኸው ሰው ነው።

የዘመኑ ዓምድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛ በታተሙ ብዙ መጻሕፍት የኒቅያ ጉባኤ «በ325 ዓ.ም.» ተደረገ ተብሎ ይነበባል፤ ቁጥሩ ግን የአውሮፓውያን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 317 ዓ.ም. ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ባገኙ ጊዜ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳያረጋግጡ ወደ ደብተርዎ አያስገቡት። የማስላቱ ሥራ ቀላል ነው፦ ድርጊቱ ከመስከረም እስከ አውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ድረስ ባለው ጊዜ ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ከሆነ 8 ይቀንሳሉ። ጥንታውያን የግዕዝ ጽሑፎች ደግሞ ሌሎች ሁለት አቆጣጠሮችን ይጠቀማሉ። በዓመተ ዓለም የተጻፈ ከሆነ 5500 ሲቀንሱለት ዓመተ ምሕረትን ይሰጥዎታል። በዓመተ ሰማዕታት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ 276 ይጨምሩበታል፤ ይህ አቆጣጠር የሚነሣው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት እ.ኤ.አ. ከ284 ነው። ከዚህ በኋላ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ምልክት ካላደረግሁባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደብተሩ ጋር አንድ የሜዲትራንያንና የቀይ ባሕር አካባቢ ካርታ ያስቀምጡ። ኢየሩሳሌምን፣ አንጾኪያን፣ እስክንድርያን፣ ሮምን፣ ቁስጥንጥንያን፣ ኤዴሳንና አክሱምን በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት መቶ ዓመታት ከተደረገው ብዙው ነገር ከነዚህ ከተሞች አንዱን ይነካል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት

ንባቡን በሉቃስ ወንጌልና በሐዋርያት ሥራ ይጀምሩ፤ ሁለቱ የአንድ ጸሐፊ ሥራ ናቸውና በተከታታይ ቢነበቡ መልካም ነው። ለሃይማኖታዊ ጥቅማቸው ደጋግመው አንብበዋቸው ይሆናል፤ በዚህኛው ንባብ ግን የባለ ሥልጣናትን ስም እየፈለጉ ያንብቡ። ሉቃስ በምዕራፍ 3 መጀመሪያ ላይ ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በአሥራ አምስተኛው ዓመት ብሎ ሲጀምርና ጶንጥዮስ ጲላጦስን ሲጠቅስ፣ አንባቢው ታሪኩን ከሮም መንግሥት መዝገብ ጋር እንዲያያይዝ መንገድ ሰጥቶታል። ጲላጦስ ይሁዳን የገዛው ከ26 እስከ 36 ነበር። እንዲሁም በሐዋርያት ሥራ 18 ጳውሎስ በቆሮንቶስ ፊቱ የቆመው ጋልዮስ፣ በግሪክ አገር በዴልፊ በተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ተጠቅሷል፤ በዚህም ምክንያት ጳውሎስ በቆሮንቶስ የነበረበት ጊዜ 51 ወይም 52 አካባቢ መሆኑ ይታወቃል። የጳውሎስን ሕይወት ዘመን ሊቃውንት የሚያሰሉት ከዚህ አንድ ነጥብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየቈጠሩ ነው። እርስዎም በደብተርዎ እንዲሁ ያድርጉ።

ቀጥሎ ምዕራፍ 15ን ነጥለው በዝግታ ያንብቡ። ከአሕዛብ ወገን ያመኑት የሙሴን ሕግ ይጠብቁ ወይስ አይጠብቁ የሚለው ክርክር በኢየሩሳሌም እንዴት እንደተፈታ ይናገራል፤ ኋላ የመጡት ጉባኤያት ሁሉ እንደ አብነት የሚቈጥሩት ይህንን ስብሰባ ነው። ከዚህ ጋር የ70ን ዓመት ጥፋት ይመዝግቡ፤ ጢጦስ ኢየሩሳሌምን አጥፍቶ ቤተ መቅደሱን ካፈረሰ በኋላ የክርስትና ማዕከል ወደ አንጾኪያ፣ ወደ እስክንድርያና ወደ ሮም አዘነበለ።

ከዚያ በኋላ ክርስቲያን ያልሆነ ሰው የጻፈውን ምስክርነት ያንብቡ። በ112 አካባቢ በታናሽ እስያ የቢታንያ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን የላከው ደብዳቤ አጭር ነው፤ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። ክርስቲያኖቹ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ፣ እንዳይሰርቁና እንዳያመነዝሩ በመሐላ ቃል እንደሚገቡ፣ ኋላም ተመልሰው በአንድነት እንደሚመገቡ ይናገራል። ስለ እነርሱ እውነቱን ለማወቅ ሲል ዲያቆናዊት የሚባሉ ሁለት ሴት ባሪያዎችን እንዳሠቃየም ሳይሸሽግ ጽፏል። ገዥው የጻፈው ለቤተ ክርስቲያን አስቦ ስላልሆነ ቃሉ ለታሪክ አጥኚ ውድ ነው።

ስለ ስደቱ ዘመን ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ አንባቢው በስንክሳርና በገድላት የሚያውቀው ነውና። በደብተርዎ ግን ሦስት ነገር ያስፍሩ፦ ስደቱ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ የቆየ አለመሆኑን፣ በመላው ግዛት የታወጀው በተለይ በዳኬዎስ ጊዜ በ250 እና በዲዮቅልጥያኖስ ጊዜ ከ303 ጀምሮ መሆኑን፣ እንዲሁም መጀመሪያ በ311 በጋሌርዮስ አዋጅ፣ ቀጥሎም በ313 ቆስጠንጢኖስና ሊኪንዮስ በሚላን ባደረጉት ስምምነት መቆሙን።

ከኒቅያ እስከ ኬልቄዶን

አራተኛውና አምስተኛው መቶ ዓመት የጥናቱ ልብ ስለሆነ ከሌላው ዘመን የበለጠ ጊዜ ይስጡት። ከመጀመርዎ በፊት ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን ያስወግዱ። የመጀመሪያው ቆስጠንጢኖስ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገ የሚለው ነው፤ እርሱ የሰጠው ነጻነትና ድጋፍ ነበር፣ የኒቅያን እምነት በአዋጅ በግዛቱ ሕዝብ ላይ ያጸናው በ380 ቴዎዶስዮስ ነው። ሁለተኛው የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ዝርዝር በኒቅያ ተወሰነ የሚለው ወሬ ነው። በኒቅያ የወጡት 20 ቀኖናዎች ስለ ክህነት ሥርዓት፣ በስደት ጊዜ ስለ ካዱ ሰዎች አቀባበልና ይህን ስለመሳሰለው የሚናገሩ ናቸው። ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በትክክል ዘርዝሮ የጻፈው ቀደምት ማስረጃ የቅዱስ አትናቴዎስ የ367 የፋሲካ መልእክት ነው።

ለእያንዳንዱ ጉባኤ ሦስት ጥያቄ ያዘጋጁ፦ የተከራከሩበት ነገር ምን ነበር? የተስማሙበት ቃል ምን ይላል? ውሳኔውን ያልተቀበሉት ሰዎችስ ከዚያ በኋላ ወዴት ሄዱ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የዛሬዎቹን አብያተ ክርስቲያናት መለያየት የሚያስረዳው ግን እርሱ ነው። በ325 ኒቅያ ላይ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን የተቃወሙት አባቶች፣ በትውፊታችን 318 ተብለው ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን አጸኑ። በ381 በቁስጥንጥንያ የመንፈስ ቅዱስ አምላክነት ጸና። በ431 በኤፌሶን የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ንስጥሮስ ተወግዞ ድንግል ማርያም ወላዲተ አምላክ መባሏ ተረጋገጠ። ከኤፌሶን በኋላ በፋርስ ግዛት የነበረችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የራሷን መንገድ ያዘች፤ ይህችው ቤተ ክርስቲያን ወንጌልን እስከ ቻይና አድርሳ በሺያን ከተማ በ781 የተተከለውን ታላቅ የድንጋይ ሐውልት ትታለች። ታሪኩን ከሮም ግዛት ብቻ የሚያጠና ሰው ይህን ሁሉ ያጣዋል።

ኬልቄዶንን በተመለከተ የአማርኛ አንባቢ ልዩ ኃላፊነት ያለበት ይመስለኛል፤ የሁለቱንም ወገን ቃል ማንበብ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ጉባኤው በጥቅምት 444 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ 451፣ ከቁስጥንጥንያ ባሻገር በምትገኘው ከተማ በንጉሥ መርቅያንና በንግሥት ብርክልያ ጊዜ ተደረገ። የሮሙ ልዮን የጻፈው ጦማር ተነበበ፣ የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ ተሽሮ ወደ ጋንግራ ተሰደደ። የጉባኤው ውሳኔ ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መከፈል፣ ያለ መለየት ይታወቃል ይላል። ውሳኔውን ያልተቀበሉት ደግሞ የቅዱስ ቄርሎስን ቃል ይዘው፣ ሥጋ የሆነ የእግዚአብሔር ቃል አንድ ባሕርይ ነው ብለው ጸኑ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሊመዘገብ የሚገባው፣ ኬልቄዶንን የተቃወሙት አብያተ ክርስቲያናት ሥጋ በመለኮት ተዋጠ የሚያሰኘውን የአውጣኪን ትምህርት ራሳቸው የሚያወግዙ መሆናቸው ነው። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ጸሐፊ የኢትዮጵያን፣ የግብፅን፣ የሶርያን፣ የአርመንንና የሕንድን አብያተ ክርስቲያናት በማያምኑት ትምህርት ሲከስሳቸው ይገኛል፤ በአንጻሩም ኬልቄዶናውያንን ሁሉ ንስጥሮሳውያን የሚል የአገራችን ጸሐፊ ጉባኤው ንስጥሮስን ደግሞ ማውገዙን ሳያነብ የጻፈ ነው።

በግዕዝ ማንበብ ለሚችል ሰው ሁለት ምንጭ በእጁ አለ። «ቄርሎስ» የተባለው የአበው ድርሳናት ስብስብ ከግሪክኛ በአክሱም ዘመን የተተረጐመ ሲሆን ይዘቱ በአብዛኛው የኤፌሶንን ክርክር የሚመለከት ነው። «ሃይማኖተ አበው» ደግሞ ብዙ ቆይቶ ከዐረብኛ የተመለሰ ነው። ሁለቱን አስተያይቶ ያነበበ ሰው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን በየትኛው ዘመን በየትኛው በር እንደተቀበለች ለይቶ ያያል።

አንድን ታሪክ በአራት ምስክር መመርመር፦ የፍሬምናጦስ ምሳሌ

አሠራሩን በተግባር ለማየት አገራችንን የሚነካ አንድ ድርጊት ልውሰድ። የመጀመሪያው ምስክር በ400ዎቹ መጀመሪያ በላቲን የጻፈው ሩፊኖስ ነው። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስንና ኤድስዮስን የተባሉ ሁለት ልጆች ይዞ ሲጓዝ መርከባቸው እንደተጠቃ፣ ልጆቹ ተርፈው ለንጉሡ እንደተሰጡ፣ ኤድስዮስ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡ መዝገብና ጽሕፈት ኃላፊ እንደሆነ፣ ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ እንዲያግዟት እንደለመነቻቸው፣ ፍሬምናጦስም ለክርስቲያን ነጋዴዎች የጸሎት ቦታ እያበጀ ቆይቶ ወደ እስክንድርያ እንደሄደና አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ራሱን ጳጳስ አድርጎ እንደመለሰው ይተርካል። ሩፊኖስ ይህን የሰማሁት ኋላ በጢሮስ ቄስ ከሆነው ከኤድስዮስ አፍ ነው ይላል። ይሁን እንጂ አገሩን ሕንድ ብሎ ይጠራዋል፣ የንጉሡንም ስም አይጽፍም። ይህ ሁሉ በምንጩ ዓምድ አጠገብ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ምስክር በ356 አካባቢ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለአክሱም የላከው ደብዳቤ ሲሆን፣ አትናቴዎስ በራሱ መከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ገልብጦ አቆይቶልናል። ደብዳቤው ለኢዛናና ለሳይዛና የተጻፈ ነው፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ቦታ በተሾመው በጊዮርጊስ ፊት እምነቱ እንዲመረመር ይጠይቃል። ቆንስጣንዮስ የአርዮስን ወገን የሚደግፍ እንደነበረ ሲያስታውሱ የደብዳቤው ዓላማ ይገለጥልዎታል። ሩፊኖስ ያልጻፈው የነገሥታቱ ስም ለቅንነቱ ሳይሆን ለክሱ በተጻፈ ደብዳቤ መገኘቱ፣ ጠላት የጻፈውንም ማንበብ ለምን እንደሚጠቅም ያሳያል።

ሦስተኛው ምስክር የማይናገር ቢሆንም ጽኑ ነው። የኢዛና ቀደምት ገንዘቦች የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ያለባቸው ሲሆኑ ኋለኞቹ መስቀል ተቀርጾባቸዋል። በድንጋይ ጽሑፎቹም ቀድሞ ማሕረም የተባለውን አምላክ ይጠራ የነበረው ንጉሥ ኋላ የሰማይን ጌታ ይጠራል፤ በግሪክኛ በተጻፈ በአንዱ ደግሞ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይናገራል። አራተኛው ምስክር በሐምሌ 26 ስንክሳር የሚነበበው የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን መታሰቢያና የአብርሃ ወአጽብሐ ትውፊት ነው። ትውፊቱ ከሰነዱ በኋላ ስለተጻፈ ብቻ አይጣልም፤ ራሱን በቻለ መደብ ተመዝግቦ ከሌሎቹ ጋር ይነጻጸራል። አራቱን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በየትኛው ነጥብ እንደሚስማሙና የትኛው ነጥብ በአንድ ምስክር ብቻ እንደቆመ በዓይኑ ያየዋል። ይህንኑ አሠራር በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ባለው ጃንደረባ ታሪክም ይሞክሩት፤ ሕንደኬ የተባለው ስም በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የመርዌ መንግሥት ንግሥታት የማዕረግ ስም መሆኑን ከግምት ያስገቡ።

የሮምና የቁስጥንጥንያ መለያየት

የምሥራቅና የምዕራብ መለያየት በመጻሕፍት 1054 ተብሎ ይመዘገባል። በዚያ ዓመት በሐምሌ የሮሙ ልኡክ ሁምበርት የውግዘቱን ጽሑፍ በሐጊያ ሶፍያ መንበር ላይ አኖረ፤ የላከው ጳጳስ ዘጠነኛው ልዮን ግን ከሦስት ወር በፊት ሞቶ ነበር። ውግዘቱም በስም በተጠሩ ሰዎች ላይ የተነገረ እንጂ በመላው ሕዝብ ላይ አልነበረም። ሕዝቡን በእውነት ያራራቀው በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን መዝረፋቸው ነው። ውግዘቶቹን ሮምና ቁስጥንጥንያ በ1965 አንሥተዋቸዋል። ክርክሩ ከነበረባቸው ጉዳዮች አንዱ መንፈስ ቅዱስ ከአብ «ከወልድም» ይሠርጻል የሚለው ምዕራባዊ ጭማሪ ነው፤ ይህን ለማጥናት የ381ን ጸሎተ ሃይማኖት ጭማሪው ካለበትና ከሌለበት አንብቦ ማስተያየት ይበቃል።

የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት

ኦክቶበር 31 ቀን 1517 ሉተር በቪተንበርግ 95 ነጥቦችን አቀረበ። ነጥቦቹን ራሳቸውን ያንብቡ፤ አብዛኞቹ ስለ ይቅርታ ወረቀት ሽያጭና ስለ ንስሓ የሚናገሩ ሲሆኑ ኋላ የፕሮቴስታንት ትምህርት ተብሎ የታወቀውን ገና አልያዙም። ትምህርቱ እየጠራ የሄደው በሚቀጥሉት ዓመታት ነው። በ1521 በቮርምስ ሸንጎ ፊት ቀረበ፣ በ1522 ሐዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ አሳተመ። ይህ ሁሉ በፍጥነት የተሠራጨው ጉተንበርግ ማተሚያውን ካስተዋወቀ ሰባ ዓመት ያህል አልፎት ስለነበረ ነው። ከሉተር ጎን በዙሪክ ዝዊንግሊን፣ በጄኔቫ ካልቪንን፣ በእንግሊዝ ደግሞ በ1534 ንጉሡን የቤተ ክርስቲያን ራስ ያደረገውን አዋጅ ለየብቻ ያጥኑ፤ «ፕሮቴስታንት» የሚለውን አንድ ስም ይዞ አራቱን መደባለቅ ብዙ ስሕተት ያመጣል። የካቶሊክን መልስ ከ1545 እስከ 1563 ከተደረገው ከትሬንት ጉባኤ ውሳኔዎች ያንብቡ። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር፣ በዚያው በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት መነጋገሩ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በአገሩ ሰነዶች በኩል ቢገባበት ይሻላል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነትን ተቀብለው በ1632 ለልጃቸው ለፋሲለደስ መንግሥቱን ሲለቅቁ ምን እንደተደረገ ከዜና መዋዕላቸውም፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከነበሩት ከኢየሱሳውያኑ ደብዳቤዎችም ያንብቡ። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ስለ ክርስቶስ መቀባትና ልደት የተነሣውን የቅባትንና የጸጋን ክርክር በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጊዜ በ1870 ዓ.ም. እስከተደረገው እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ይከተሉ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 ያሳተሙትን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው መሾማቸውን፣ በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት በ1959 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መመሥረቷን በደብተርዎ አንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ። የ1957 ዓ.ም.ን የአዲስ አበባ ጉባኤ አይርሱት፤ ኬልቄዶንን ያልተቀበሉት የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በአንድነት የተሰበሰቡት በዚያ ነው።

እያንዳንዱን ምዕራፍ ሲጨርሱ አንድ ፈተና ለራስዎ ይስጡ። ከእርስዎ የተለየ እምነት ያለው ወገን በዚያ ክርክር ምን እንዳመነና ለምን እንዳመነ በግማሽ ገጽ ይጻፉ፤ ነቀፋም ምስጋናም አይጨምሩበት። ከዚያም ያንን እምነት ለሚከተል፣ ለሚያነብና ለሚያስተውል ጎረቤትዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ ያሳዩት። «አዎን፣ እኛ የምናምነው ይህንኑ ነው» ካለዎት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይለፉ፤ ካረመዎት እርማቱን በአራተኛው ዓምድ ጽፈው ምንጩን እንደገና ያንብቡ።